ከወሊድ በኋላ ስለሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ክኒን፦ የትኛው? መቼ? እንዴት?



በዛሬው ትምህርታዊ ጽሑፋችን የምናነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችን ስንሰማው አንገታችንን የምናቀረቅርበት፣ ሌሎቻችን ደግሞ «ይኼ የሐኪም ሥራ ነው፤ መምህርን ምን አገባው?» የምንልበት ነው። ይሁን እንጂ ነገ ተመርቀን ከወልድያ ወጣ ስንል፣ በሀብሩም ሆነ በጉባላፍቶ ገጠር ቀበሌ ስንመደብ፣ ጉዳዩ ከክፍላችን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የስም መጥሪያውን ስንከፍት አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ቀርታ እናገኛለን። ምክንያቱን ብንጠይቅ «እናቷ ወልዳለች፤ ታናሽየው ገና አልተራመደም፤ እሷ ናት የምታዝለው» እንባላለን። እንግዲህ የሁለት ሕፃናት ልደት ሲቀራረብ የሚጎዳው የእናቲቱ ጤናና የሕፃኑ ጡት ብቻ አይደለም፤ የታላቅየዋ ደብተርም አብሮ ይታጠፋል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። በዚህ ስሌት በሁለት ልጆች ልደት መካከል ወደ 3 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይኖራል።

1ኛ. በአገራችን ያለው ሁኔታ

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 35፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 47 ገደማ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 23ቱ በመርፌ ሲጠቀሙ በክኒን የሚጠቀሙት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። በተጨማሪም ከመቶ 22ቱ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ ያልያዙ ነበሩ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ክኒን የምትወስድ እናት በመንደሯ ብዙ ጓደኛ የላትም። ጎረቤቷን ብትጠይቅ ጎረቤቷ የምታውቀው መርፌውን ነው። ስለዚህ ክኒኑን በትክክል ለመውሰድ ከማንም ይበልጥ ማብራሪያ የሚያስፈልጋት እርሷ ናት።

2ኛ. ሁለቱን ክኒኖች መለየት

ክኒን ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ጥምር ክኒን ይባላል። በውስጡ ኤስትሮጂንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖች አሉበት። ሁለተኛው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት ሲሆን በተለምዶ ሚኒ ፒል ይሉታል። ጥምር ክኒን በዓለም ላይ በሥራ ላይ የዋለው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሚኒ ፒል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው አገር በ2023 እ.ኤ.አ. አንደኛው የሚኒ ፒል ዓይነት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ መፈቀዱ መድኃኒቱ ምን ያህል ጉዳቱ አነስተኛ ሆኖ እንደተገኘ ያመለክታል።

ልዩነቱ ለአራስ ለምን ይጠቅማል? ኤስትሮጂን የጡት ወተት ሊቀንስ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የሴት ደም በደም ሥር ውስጥ ለመርጋት የተጋለጠ በመሆኑ ኤስትሮጂን አደጋውን ያባብሳል። ስለሆነም የምታጠባ እናት ከወለደች 6 ሳምንት ሳይሞላት ጥምር ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ከዚያም በኋላ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ሌላ አማራጭ እያለ አይመከርላትም። የማታጠባም ብትሆን የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት ልትርቀው ይገባል። ሚኒ ፒል ግን ወተት አይቀንስም፤ ሕፃኑንም አይጎዳም።

ታዲያ በዓይን እንዴት ይለያሉ? ብዙውን ጊዜ የጥምር ክኒን ፓኬት 28 ፍሬ ሆኖ 21ዱ አንድ ዓይነት ቀለም፣ 7ቱ ደግሞ ሌላ ቀለም (ብዙ ጊዜ ቡናማ፣ ብረት ያለበት) ነው። የሚኒ ፒል ፓኬት 28 ወይም 35 ፍሬ ሲሆን ሁሉም አንድ ቀለም፣ ሁሉም መድኃኒት ያለበት ነው። ሆኖም ቀለም ብቻውን ስለማያስተማምን ጽሑፉን ማንበብ የግድ ነው። በፓኬቱ ላይ «ኤቲኒል ኤስትራዲዮል» የሚል ስም ካለ ጥምር ነው። «ሌቮኖርጀስትሬል 0.03 ሚሊ ግራም»፣ «ኖርኤቲስቴሮን 0.35 ሚሊ ግራም» ወይም «ዴሶጀስትሬል 0.075 ሚሊ ግራም» ብቻ ከሆነ ሚኒ ፒል ነው። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እናቲቱ ላታነበው ትችላለች፤ በቀበሌው ውስጥ ሊያነብላት የሚችለው ሰው ምናልባት መምህሩ ነው።

ከዚህም የተነሳ «እህቴ የተረፋትን ሰጠችኝ» ብሎ መዋጥ አደገኛ ልማድ ነው። እህቲቱ የማታጠባ ከሆነች የያዘችው ጥምሩን ሊሆን ይችላል።

3ኛ. አሠራሩ

ሚኒ ፒል በዋናነት የማህፀን በር ፈሳሽን ያወፍራል። ፈሳሹ ሲወፍር የወንድ ዘር ወደ ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል። ከዚህ ሌላ በብዙ ሴቶች ላይ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ይህ ግን በየወሩ አይሆንም። ዋናው ሥራ የፈሳሹ ነው ማለት ይቻላል።

ፈሳሹ በሚገባ እስኪወፍር 2 ቀን ያህል ይፈልጋል። ከወፈረ በኋላ ደግሞ የአንድ ፍሬ ኃይል የሚቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው፤ ሌላ ፍሬ ካልተተካ ይሳሳል። ከዚህ በታች የምናያቸው የሰዓት ሕጎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክኒኑ እርግዝናን ይከላከላል እንጂ የተፈጠረ እርግዝናን አያስወርድም።

4ኛ. መቼ ይጀመራል?

ሀ) ሕፃኑን በጡት ብቻ የምትመግብ፣ የወር አበባዋ ያልተመለሰና ከወለደች 6 ወር ያልሞላት እናት በፈለገችው ቀን ልትጀምር ትችላለች።
ለ) ጡትም ሌላ ምግብም የምትሰጥና የወር አበባዋ ያልተመለሰ እናት፣ አለማርገዟ ከተረጋገጠ በማንኛውም ቀን ትጀምራለች። ነገር ግን ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ወይም መታቀብ አለባት።
ሐ) ጨርሶ የማታጠባ እናት ከወለደች 21 ቀን ሳይሞላት ብትጀምር ተጨማሪ ጥንቃቄ አያስፈልጋትም። ካለፈ ግን አለማርገዟ ተረጋግጦ ትጀምራለች፤ 2 ቀንም ትጠነቀቃለች።
መ) የወር አበባዋ የተመለሰ እናት ደም ባየች በ5 ቀን ውስጥ ብትጀምር ወዲያው ይሠራላታል። በሌላ ቀን ከሆነ የ2 ቀን ጥንቃቄ ይጨመራል።

በአንዳንድ የቆዩ ጽሑፎች ላይ «የምታጠባ እናት 6 ሳምንት ሳይሞላት ሚኒ ፒል አትጀምርም» የሚል እናገኛለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን አሻሽሎ ከወሊድ ጀምሮ መውሰድ እንደሚቻል ገልጿል።

በእኛ አካባቢ የአራስነት ጊዜ የሚቆጠረው በልማድ ነው። ክርስቲያኑ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ክርስትና ይቆጥራል፤ ሙስሊሙም 40 ቀን ይጠብቃል። ማህፀን ግን ይህን ቀጠሮ አያውቅም። በተለይ የማታጠባ ሴት ከወለደች አንድ ወር ሳይሞላት እንቁላል ልታወጣ ትችላለች። እንቁላሉ የሚወጣው ደግሞ ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ነው። «ደም ሳላይ እንዴት አረገዝኩ?» የምትል እናት ምስጢሯ ይኸው ነው። ስለዚህ «የወር አበባዬ ሲመጣ እጀምራለሁ» ማለት ሌባው ከገባ በኋላ በር መዝጋት ነው። ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እናቲቱም የራሷን ጉዳይ አብራ ብታነሳ መንገዱ አንድ ነው።

5ኛ. ሰዓት መጠበቅ

ሚኒ ፒል በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል። የእረፍት ቀን የለውም። ዛሬ ፓኬቱ ካለቀ ነገ አዲሱ ይጀመራል፤ ደም ቢታይም ባይታይም።

የትኛው ሰዓት ይሻላል? ለእኛ አካባቢ ሕዝብ የማታ 2 ሰዓት ተስማሚ ነው። ምክንያቱን እንመልከት። ማለዳ የምትውጥ ሙስሊም እናት የረመዳን ጾም ሲገባ ልማዷ ይፈርሳል፤ ሱሁር ላይ ብታደርገው ሰዓቱ ይለወጣል፤ እስከ ማፍጠሪያ ብታቆየው ደግሞ ከ3 ሰዓት በላይ ይዘገያል። ክርስቲያኗም በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውኃ የማትቀምስ ከሆነ ያው ነው። እርግጥ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለአራስና ለምታጠባ እናት ፈቃድ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ይጾማሉ። ማታ 2 ሰዓት ከሆነ በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ቀድማ ስለምትጠልቅ ጾሙ ገባም ወጣም ሰዓቱ አይነካም።

ሰዓት የሌላት እናት ከማይቀር የማታ ሥራ ጋር ታያይዘው፤ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ሕፃኑን ስታስተኛ። ፓኬቱ ልጆች በማይደርሱበት፣ እርጥበትና ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

6ኛ. ቢረሳስ?

ከተለመደው ሰዓት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለፈ ክኒኑ እንደተረሳ ይቆጠራል። (ዴሶጀስትሬል ያለበት ብቻ እስከ 12 ሰዓት ይታገሣል።) በዚህ ጊዜ፦

- የተረሳውን ፍሬ እንዳስታወሱ ወዲያው መዋጥ፤
- የሚቀጥለውን በመደበኛ ሰዓቱ መዋጥ፤ በአንድ ቀን ሁለት ፍሬ ቢገጥም አይጎዳም፤
- የወር አበባዋ የተመለሰ ወይም የማታጠባ ከሆነች ለ2 ቀን ኮንዶም መጠቀም። ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት አድርጋ ከነበረ ስለ ድንገተኛ መከላከያ ጤና ባለሙያ በቶሎ ማማከር።

ክኒኑን በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ፍሬ ትዋጥ። ተቅማጡ ወይም ትውከቱ ከበረታ ክኒኑን ሳታቋርጥ እንደተረሳ ቆጥራ ትጠንቀቅ።

7ኛ. ከስድስት ወር በኋላ፦ ዋናው ማሰናከያ

ይህን ክፍል በተለይ እንድታስተውሉት እለምናለሁ። ሚኒ ፒል ለምታጠባ እናት በጣም አስተማማኝ ነው፤ በተለመደው አወሳሰድ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች የምታረግዘው 1 ገደማ ናት። በማያጠቡት ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 7 ያሻቅባል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ማጥባት ራሱ እንቁላል እንዳይወጣ የሚከላከል በመሆኑ ነው። ክኒኑና ጡቱ ተጋግዘው ይሠራሉ።

ማጥባት ብቻውን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባ ሳይመለስ፣ ዕድሜውም 6 ወር ሳይሞላ። አንዱ ከጎደለ መከላከያው ይፈርሳል። ለእኛ ለመምህራን ይህ በቅርብ ይመለከተናል። የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ክፍል የተመለሰች መምህርት ሕፃኑን ለአያቱ ትታ ከጧት እስከ ቀትር ብትውል፣ ጡት ሳይሰጥ የሚያልፈው ጊዜ ከ4 ሰዓት በላይ ይሆናል። አያቲቱም «ልጁ ተራበ» ብላ የላም ወተት ትሰጣለች። እንግዲያው መምህርቷ «አጠባለሁ» ትበል እንጂ በጡት መከላከሏ አብቅቷል።

ነገሩን የሚያከፋው አንድ ሐቅ ደግሞ አለ። እናቲቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዳንድ ቀን ረስታ ምንም አልደረሰባትም። ከዚህም የተነሳ «ቢዘገይም ችግር የለውም» የሚል ልማድ ያዘች። ያን ጊዜ የጠበቃት ግን ጡቱ ነበር። ሕፃኑ ገንፎ ሲጀምር ዘበኛው ይሄዳል፤ የሰዓት ጥንቃቄ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ወቅት እናቲቱ ቸል ትላለች። ስለዚህ ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው፣ ወይም የወር አበባ ሲመለስ፣ ወይም ሌላ ምግብ ሲጀምር ሁለት ምርጫ አለ፤ ወይ ሰዓቱን አጥብቆ መያዝ፣ ወይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ ዘዴ መምረጥ። ሰዓት መጠበቅ ለማይሆንላት መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሻላታል።

8ኛ. ለማን አይሆንም?

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሚኒ ፒል መውሰድ የለባትም። የከፋ የጉበት በሽታ ያለባት፣ በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም ሥር በአሁኑ ጊዜ ደም የረጋባት፣ የጡት ካንሰር ታማ የዳነችም ከሐኪም ጋር ሳትመክር አትጀምር። እንደዚሁም ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑን ኃይል ያደክማሉ። «ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ መቅረት የለበትም።

ክኒኑ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌሎች የአባለዘር በሽታዎች አይከላከልም። ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

9ኛ. የሚያስደነግጡና የማያስደነግጡ ምልክቶች

ደም ጠብ ጠብ ማለት፣ የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት፣ ቀላል ራስ ምታት፣ የጡት መወጠር የተለመዱ ናቸው። «ደሙ በሆዴ ተጠራቀመ» የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ የወር አበባ ሲቀር የሚጠራቀም ደም የለም። «መሐን ያደርጋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ክኒኑን ያቆመች ሴት ሳትዘገይ ልታረግዝ ትችላለች።

በአንጻሩ ደም ከተለመደው እጥፍ ቢፈስ ወይም ከ8 ቀን በላይ ቢቆይ፣ ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም ቢሰማ፣ ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ቢሆን፣ ዓይን ከማጭበርበር ጋር ኃይለኛ ራስ ምታት ቢነሳ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የሆዱ ሕመም ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም በአራስነት የሚመጣን ብዙ ደም «የክኒኑ ነው» ብሎ ማሳለፍ ነፍስ ያስከፍላል።

10ኛ. መድኃኒቱ ቢቋረጥስ?

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነት ውስጥ በነበሩ ጊዜ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈው አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚጎድል ነው። ስለዚህ ከተቻለ የብዙ ወር ፓኬት በአንድ ጊዜ መጠየቅ፣ የመጨረሻው ፓኬት ሳይጀመር መተካት፣ ኮንዶምም በቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

11ኛ. የመምህሩ ድርሻና ወሰን

መምህር መድኃኒት አያዝም። ድርሻው ማንበብ፣ ማስረዳት፣ ወደ ጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መምራት ነው። አነጋገርም ወግ አለው፤ በሰው ፊት «መከላከያ ትወስጃለሽ ወይ?» ብሎ ባለትዳር ሴት መጠየቅ ነውር ነው። ሴት መምህርት ለብቻዋ፣ «እትዬ፣ ለሕፃኑ ክትባት ሲሄዱ የራስዎንም ነገር ይጠይቁ» ብትላት በቂ ነው። ባልየውንም ወንድ መምህር ቢያነጋግረው ይቀለዋል። የማታ 2 ሰዓቱን ባል ቢያስታውስ ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ውሳኔው ግን የእርሷ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወ/ሮ ሀ ከወለዱ 2 ወራቸው ነው፤ ጡት ብቻ ያጠባሉ፤ ደም አላዩም። የትናንቱን ክኒን ዛሬ ጧት አስታወሱ። ምን ያድርጉ?
2. ወ/ሮ ለ የ8 ወር ልጅ አላቸው፤ የወር አበባቸው ተመልሷል። ማታ 2 ሰዓት የሚዋጠውን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ዋጡ። ምን ይመከራሉ?
3. ወ/ሮ ሐ የ1 ወር አራስ ናቸው። ጎረቤት የሰጠቻቸው ፓኬት 21 ነጭና 7 ቡናማ ፍሬ አለው። ይዋጡት?

መልስ፦ 1. ወዲያው ይዋጡ፤ የማታውንም በሰዓቱ ይዋጡ፤ ማጥባታቸው ስለሚጠብቃቸው ሌላ አያስፈልጋቸውም። 2. የዘገየው 5 ሰዓት ስለሆነ እንደተረሳ ይቆጠራል፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይዋጡ፣ 2 ቀን ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ከነበረ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። 3. አይዋጡት፤ ጥምር ክኒን ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው የራሳቸውን ይጠይቁ።

በጠቅላላው ከዚህ ጽሑፍ አራት ነገር ብንይዝ ይበቃል፦ ፓኬቱን አንብብ፤ ሰዓቱን ጠብቅ፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ተጠንቀቅ፤ ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና አስብ። ጥያቄ ያለው አንባቢ ጥያቄውን ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ቢያቀርብ በሚቀጥለው እትም መልስ ይሰጥበታል።